በቮልስ ሻንሲ ላይ ሌላ መኪና



ዛሬ የማወራችሁ ከአሮጌ መኪና ስለሚወጣ ሌላ መኪና ነው። የድሮው ቦዲ ይነሣል። ሻንሲው፣ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ መሪውና ፍሬኑ ይቀራሉ። በላያቸው ላይ ከፋይበር ግላስ የተሠራ፣ የሌላ ስመ ጥር መኪና መልክ የያዘ ቦዲ ይታሰራል። ከሩቅ ያየው ሰው ፖርሽ መጣ ይላል፤ ሲቀርብ ድምፁ የቮልስ ነው። በውጭ አገር ቦዲውንና መገጣጠሚያውን በሣጥን አሽገው የሚሸጡ ድርጅቶች አሉ። ገዢው ከሥራ መልስና በእረፍት ቀኑ ግቢው ውስጥ እየገጣጠመ፣ ሚስቱም እየተቆጣች፣ ዓመት ሁለት ዓመት ይፈጅበታል።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» የሚለኝ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አይጠፋም። ላስታ መጥተህ ስለ ፖርሽ ታወራለህ ወይ? እሺ፤ ግን የዚህን ሥራ ግማሽ እኛው ስንሠራው ኖረናል። በወሎ መንገድ የተሳፈረ ሁሉ ቅጥቅጥን ያውቃል። የአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ተገዝቶ ቱቦላሬ ይበየድበታል፣ ላሜራ ይለብሳል፣ ወንበር ይደረደርበታል፣ ከላይ ፖርቶ መጋላ ይገጠምለታል። ጤፍና ሲሚንቶ ሊጭን የተሠራው መኪና ሰው ይጭናል። የእነዚህን ባለሙያዎች እጅ የሚያደንቅ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ አደንቃለሁ። ቅጥቅጥ ሲገለበጥ የምንሰማውንም ዜና ሁላችንም እናውቃለን። የጭነት ሻንሲ ሲሠራ ታስቦ የነበረው ዝቅ ብሎ የሚቀመጥ ጭነት ነው። ሰው ከላይ ተቀምጦ፣ ሻንጣና ጆንያ ጣሪያው ላይ ሲቆለል የክብደቱ መሐል ወደ ላይ ይወጣል፤ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ይህን የሚያርም የቀለም ዓይነት የለም። እንግዲህ ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህ አይርቅም። ቦዲ መሥራት የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ቦዲው ሻንሲው ላይ የሚያርፍበት ቦታና ከዚያ በታች ያለው ነው።

በዓለም ላይ ለዚህ ሥራ ከሁሉም በላይ የተመረጠው መኪና እኛ አገር እንደ ዘመድ የሚታየው ቮልስ ነው። ቮልስን ኢትዮጵያዊ አይረሳውም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በሮልስ ሮይስ አልነበረም፤ በቮልስ ነው፣ ያውም የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው። በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጣ። አዲስ አበባ ላይ ግን ዛሬም ጠዋት ተነሥቶ ሥራ የሚገባ ቮልስ አለ።

ለምን እሱ ተመረጠ? ከሥሩ ገብታችሁ እዩት። ብዙዎቹ የዛሬ የቤት መኪናዎች ሻንሲና ቦዲ የላቸውም፤ ቦዲው ራሱ ሻንሲ ነው፤ ጣሪያውን ብትቆርጡት ወለሉ ይጎብጣል። ቮልስ እንዲህ አይደለም። መሐሉን ከፊት ወደ ኋላ እንደ ጀርባ አጥንት የሚያልፍ የብረት ቱቦ አለ፤ በግራና በቀኝ የወለሉ ላሜራ ተያይዞበታል። ከፊት የፊት እግሩን የያዘው ተሻጋሪ ብረት፣ ከኋላ ካምቢዮውና ሞተሩ አሉ። ቦዲው በዙሪያው በብሎን ታስሮ፣ በመካከላቸው ጎማ ተነጥፎ ነው የተቀመጠው። ብሎኖቹ ከተፈቱ ጥቂት ጎረምሶች ተረዳድተው ቦዲውን አንሥተው ወዲያ ያስቀምጡታል። የቀረው ሻንሲ መሪ፣ ፍሬንና ሞተር አለው፤ ሣጥን አስቀምጦበት የተቀመጠ ሰው ይነዳዋል። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ስለሆነም ራዲያተር የት ላስቀምጥ የሚል ጣጣ የለበትም።

ይህን ጥቅም ወደ ሥራ የለወጠው ሰው ካሊፎርኒያ ውስጥ ጀልባ ይሠራ የነበረው ብሩስ ማየርስ ነው። ጀልባ ሠሪ ስለነበር ፋይበር ግላስን በደንብ ያውቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 በባሕር ዳር አሸዋ ላይ የሚሮጥ ክፍት መኪና ሠራ፤ ማየርስ ማንክስ ይባላል። የመጀመሪያዎቹ የብረት ሻንሲ አልነበራቸውም፤ ፋይበሩ ራሱ ሁሉንም ይሸከም ነበር። ሥራው በዛበት፣ ዋጋውም ናረ። ስለዚህ ሐሳቡን ለውጦ የቮልስን ሻንሲ እንዳለ ወሰደ፤ ርዝመቱን ብቻ 36 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ አሳጠረው። እ.ኤ.አ. በ1967 በሜክሲኮ በረሃ በተደረገው የመጀመሪያው ትልቅ ውድድር ማንክስ አንደኛ ወጣ፤ ዓለም ጉድ አለ። ድርጅቱ ከ5 ሺህ በላይ ቦዲ ሸጠ። ከዚያ የሆነው ያስቃልም ያሳዝናልም። ሌሎች አንድ ማንክስ ገዝተው በቦዲው ላይ ሞልድ አወጡበትና ያንኑ መልክ በርካሽ መሸጥ ጀመሩ። ማየርስ ከሰሰ፤ ተረታ። በሌላ ሰው ሻንሲ ላይ የራሱን ቦዲ የጫነው ሰው የራሱ ቦዲ ተገልብጦ ተሸጠበት።

ፋይበር ግላስ ሲባል «ፕላስቲክ ነው» ብሎ ፊቱን የሚያዞር አለ። አሜሪካኖቹ ኮርቬትን እ.ኤ.አ. በ1953 ሲጀምሩ የዚያን ዓመት 300 መኪኖች ቦዲ ሁሉ ከፋይበር ግላስ ነው የሠሩት፤ ኮርቬት እስከ ዛሬም ወደ ብረት ቦዲ አልተመለሰም። ነገሩን ግን የእናንተ ሰፈር ሰው ከእነሱ በፊት ያውቀዋል። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭድ ብቻውን ንፋስ ይወስደዋል፤ ጭቃው ጭዱን ይዞት፣ ጭዱ ጭቃውን አስሮት ሲደርቅ ግድግዳ ይሆናል። በፋይበር ግላስ ውስጥ ጭዱ የመስታወት ክር ነው፣ ጭቃው ሬዚን።

አሁን ወደ አምሳያነት ጉዳይ ልምጣ፤ እዚህ ላሊበላ ከተማ ላይ ቆሞ ቅጂን የሚንቅ ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ዙሪያውን ይመልከት። ወንዙን ዮርዳኖስ ብለን የምንጠራው፣ ቤተ ጎልጎታ የምንለው፣ የአዳም መቃብር የምንለው ለምንድን ነው? ንጉሥ ላሊበላ ኢየሩሳሌምን እዚህ ሊያሳየን ነው። ከዚህም የረቀቀ ነገር አለ። ይምርሐነ ክርስቶስ የሄደ ሰው ዋሻው ውስጥ ያለውን ግድግዳ አይቷል፤ አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ነጭ የተለሰነ ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት። የአክሱም አሠራር ነው፤ እንጨቱ ግድግዳውን ያስረዋል። ከዚያ ወርዳችሁ ቤተ አማኑኤልን እዩት። ያው ገባ ወጣ ያለው ረድፍ አለ፣ ያው መስኮት አለ፣ መስኮቱ ማዕዘን ላይ ያው የእንጨት ራስ ብቅ ብሏል። ግን እንጨት የለም፤ ሁሉም ከአንድ ዐለት የተፈለፈለ ነው። ድንጋዩ እንጨቱን አይፈልገውም፤ ባለ እጁ ግን መልኩን ጠብቆ አመጣው። የእኛ አባቶች በአዲስ ነገር ላይ የድሮ መልክ ሲያለብሱ ሊያታልሉን አልነበረም፤ የሚያዩት ሁሉ ድንጋይ መሆኑን ያውቃል።

አምሳያን ከማጭበርበር የሚለየው እንግዲህ ይህ ነው። አፍሮ አይገባ የተባለው የላሊበላ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ በ2001 ሲመለስ ይህ ከተማ እንዴት እንደተቀበለው የምታስታውሱ አላችሁ። የመስቀሉን አምሳያ ሠርቶ «አምሳያ ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው ቅን ነጋዴ ነው፤ ልጆቹን ያሳድግበት። «ዋናው ነው» ያለ ቀን ሌባ ሆነ። መኪናም እንዲሁ ነው። በቮልስ ሻንሲ ላይ የፖርሽ መልክ ያለው ቦዲ ሠርታችሁ ንዱት፣ ሙሽራ አጅቡበት፣ ፎቶ ተነሡበት። የፖርሽ ምልክት ለጥፋችሁ ለማያውቅ ሰው መሸጥ ግን ወንጀል ነው።

አሁን እጃችንን እናቆሽሽ።

ሥራው የሚጀምረው ቮልሱን በመምረጥ ነው፤ እዚህ ላይ እኔ ወግ አጥባቂ ነኝ። ጤነኛ ቦዲ ያለውን ቮልስ ገፍፎ አምሳያ መሥራት ለንስሐ አባት የሚነገር ነገር ነው። ቦዲው በዝገት የተበላ፣ የተጋጨ፣ ሜዳ ላይ ዓመታት የከረመ ፈልጉ፤ ሻንሲው ግን መዳን የሚችል ይሁን። የኋላውን ወንበር አንሡና በቀኝ በኩል እዩ፤ ባትሪው እዚያ ነው የሚቀመጠው፤ አሲዱ እየተንጠባጠበ መጀመሪያ የሚበላው ያንን ጥግ ነው። በመዶሻ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ምቱት፤ ጩኸቱ ደረቅ ከሆነ ላሜራው አለ፤ ድምፁ የታፈነ ከሆነ ቀለሙ ብቻ ነው የቀረው። የወለል ላሜራ ይቀየራል። የመሐሉ ቱቦ ከበሰበሰ ግን ያንን ቮልስ ተዉት፤ ለሌላው መለዋወጫ ይሁን።

እዚያው ወንበሩ ሥር መሐለኛው ቱቦ ላይ የተመታ ቁጥር አለ። የሻንሲ ቁጥሩ ነው፤ መኪናው በሕግ ፊት ስሙ እሱ ነው። ሻንሲ እንደ ማንክስ ሊያሳጥር የተነሣ ሰው ግራይንደሩን ከማስነሣቱ በፊት ያንን ቁጥር አጽድቶ ያንብብ፣ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ያስተያይ፣ ቆረጣውም ብየዳውም እንዳይነካው ያድርግ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚባል ሕግ አለን። ቦዲው ተለውጦ፣ ቀለሙ ተለውጦ፣ ሻንሲው አጥሮ ሳለ ሊብሬው የድሮውን ቮልስ የሚያወራ ከሆነ ዓመታዊ ምርመራ ላይ ቦሎ የሚሰጣችሁ የለም፤ ቢሰጣችሁም አደጋ በደረሰ ቀን ኢንሹራንሱ ጥያቄ ያነሣል። ስለዚህ ወደ ትራንስፖርት ቢሮ የሚኬደው ሥራው ካለቀ በኋላ አይደለም፤ ሥዕሉን ይዞ ከመቁረጥ በፊት ነው። ብዙ ጥሩ ሥራ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ የሚቀረው በወረቀት ምክንያት ነው።

ሻንሲው ከተገኘ ቦዲውን እርሱት። ለወራት እርሱት። ፍሬኑን አፍርሱ፣ የፍሬን ቱቦዎቹን በሙሉ ቀይሩ፣ የፊት እግሩን ልቅነት መርምሩ፣ የመሪውን ሣጥን ክፈቱ፣ ወለሉን በይዳችሁ ጨርሱ፣ ጸረ ዝገት ቀቡ። ጎረምሳው ግን ሞልዱን ያያል፤ ልቡ እዚያ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።» ከቦዲው በታች ያለው ሥራ ሳያልቅ ቦዲ የሚያስር ሰው ሁለት ጊዜ ይሠራል። ሌላም አባባል አለ፤ ከጅብ ቆዳ የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው ይባላል። የፖርሽ መልክ የለበሰው መኪና ፍሬኑ የቮልስ፣ መታጠፊያው የቮልስ፣ ኃይሉም የቮልስ ነው። ነጂው ይህን ከረሳ መንገዱ ያስታውሰዋል።

ወደ ፋይበሩ እንምጣ። መጀመሪያ የሚሠራው ሞልድ ነው፤ የሚፈለገው ቅርፅ ተገልብጦ። ውስጡ በሰም ደጋግሞ ይወለወላል፤ ፋይበሩ ከሞልዱ ጋር ተጣብቆ እንዳይቀር። ከዚያ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ጄልኮት ይቀባል፤ ነገ ፀሐይና ዝናብ የሚመታው፣ ዓይን የሚያየው ቆዳ እሱ ነው። ጄልኮቱ በጣት ሲነኩት እንደ ማስቲካ የሚይዝ ግን እጅ የማያቆሽሽ ሲሆን የመስታወት ምንጣፉ በላዩ ይነጠፋል፣ ሬዚን ይጠጣል፣ በሮለር አየሩ ይወጣል። በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝን ምንጣፍ አንዱ ድርብ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይወጣዋል፤ ሦስት ድርብ ለብዙው ቦዲ ይበቃል፤ ማጠፊያና ብሎን የሚያርፍበት ቦታ ይጨመርበታል። ለአንድ ኪሎ ምንጣፍ ከሁለት እስከ ሁለት ኪሎ ተኩል ሬዚን ይገባል። ሬዚን ማብዛት ጥንካሬ የሚመስለው ሰው አለ፤ የሚጨምረው ክብደትና ስንጥቅ ነው።

ሬዚኑ በራሱ አይደርቅም። ሃርድነር ይፈልጋል፤ ለአንድ ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም። በ20 ዲግሪ ሙቀት ላይ በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ መወፈር ይጀምራል። ከ15 ዲግሪ በታች ሲሆን ግን ያንቀላፋል፤ ውሎ አድሮ የደረቀ መስሎ ውስጡ ለስላሳ ይቀራል። ይህች ከተማ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ላይ እጃችሁ ራሱ አይታዘዝም፤ ሬዚኑ ለምን ይታዘዛል? ላስታ ላይ ፋይበር የሚሠራ ሰው የሥራ ሰዓቱ ከጠዋቱ 4 እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ እርጥበቱ ስላለ ቀኑን መምረጥ አለበት። እዚህ ላይ የሚመጣውን ጥፋት አውቀዋለሁ፤ ብርድ ነው ብሎ ሃርድነር መጨመር። አንድ ማንኪያ ጨመር ሲደረግ ባልዲው ውስጥ ያለው ሬዚን ይግላል፣ ያጨሳል፣ ፍርስርስ ብሎ ይደርቃል፤ ከዚያ ባልዲውንም ሬዚኑንም አውጥቶ መጣል ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ሠልጣኞች፣ ይህችን ጻፉ። ሃርድነር ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል፤ መነጽር ሳታደርጉ ጠርሙሱን አትክፈቱ። ኮባልት የሚባለው ማፍጠኛ ካለ መጀመሪያ ከሬዚኑ ጋር ይዋሐዳል፤ ከሃርድነር ጋር በቀጥታ ከተገናኘ ይፈነዳል። የሬዚኑ ትነት ይቀጣጠላል፤ ክፍሉን ላሙቅ ብላችሁ ከሰል አታስገቡ። የደረቀውን ፋይበር ስትሞርዱ የሚነሣው አቧራ የመስታወት ብናኝ ነውና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ማታ የሚያሳክካችሁን በሙቅ ውኃ ሳይሆን በቀዝቃዛ ታጠቡ።

ቦዲው ወጣ እንበል። ሻንሲው ላይ ሲያርፍ ሁለት ነገር ሳይታሰብ ይቀራል። አንደኛው ብሎኑ ነው። ብሎን በቀጥታ ፋይበር ላይ ከታሰረ ንዝረቱ ቀዳዳውን እያሰፋው ይሄዳል፤ ከጋሸና እስከዚህ ያለውን መንገድ አንድ ጊዜ ሲመላለስ ቦዲው መንጫጫት ይጀምራል። ፋይበሩ ሲሠራ ውስጡ የብረት ሳህን ይቀበርበት፣ ዳዶው ሥር ሰፊ ሮንዴላ ይግባ፣ በመካከሉ ጎማ ይነጠፍ። ቀበቶና የግልበጣ መከላከያ ቱቦ ደግሞ ፋይበር ላይ ፈጽሞ አይታሰሩም፤ ከሻንሲው ብረት ጋር ይበየዳሉ ወይም ይታሰራሉ። ፋይበር ግላስ ሲመታ ይሰባበራል እንጂ እንደ ላሜራ እየተጨማደደ ኃይሉን አይቀበልላችሁም።

ሁለተኛውን የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሲሰሙ ይስቃሉ። መኪናው ተቀባ፣ አማረ፣ ቁልፉ ዞረ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ መብራት ግን የለም። ፍሬቻ የለም፣ ክላክስ የለም። አምፖል ይቀየራል፣ ፊውዝ ይቀየራል፤ ምንም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በብረት ቦዲ ላይ ፖዘቲቩ ብቻ ነው በሽቦ የሚሄደው፤ ኔጌቲቩ፣ መካኒኮች ማሳ የምንለው፣ በቦዲው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። ፋይበር ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ለያንዳንዱ መብራት ሁለተኛ ሽቦ ከአምፖሉ እስከ ሻንሲው መሳብ አለበት። የመብራት ችግሩ ሁሉ እዚያ ላይ ያበቃል።

የከፍታው ጉዳይም አለ። 2,500 ሜትር ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ቀሎአል፤ ሞተሩም ከኃይሉ ሩብ ገደማ ያጣል። ባለ 40 ፈረስ ጉልበት የነበረው ቮልስ እዚህ የ30 ፈረስ ነው። ካርቡራተሩ ደግሞ አየሩ እንደሳሳ አያውቅም፤ የቤንዚኑን መጠን እንደ ቆላው ይለቃል። ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላ፣ ዳገት ላይ መታፈን የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ቤንዚን የምታልፍባትን ቀዳዳ በአነሰች መለወጥ ነው መድኃኒቱ። ቦዲው ደግሞ የራሱን ጥፋት እንዳይጨምርበት። ቮልስ የሚቀዘቅዝበትን አየር የሚስበው ከኋላ መስኮቱ ሥር ባሉት ስንጥቆች ነው። መልክ ያሳምራል ብሎ ያንን የደፈነ አምሳያ ሠሪ ሞተሩን አፍኖታል፤ ከአየር ማረፊያው እስከ ከተማው ያለው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ዳገት ሳያልቅ ይቃጠልበታል። ሲወርድ ደግሞ ፍሬኑ የታምቡር ፍሬን ነው፤ እግር ሳይነሣበት ረጅም ቁልቁለት ከተወረደ ይግላል፣ ይደክማል። በማርሽ ይያዝ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ለዚህ አገር ፖርሽ አይሆንም። ሆዱ መሬት ይነካል፤ ሁለት ሰው ብቻ ይይዛል፤ ጠጠር ላይ ሲሄድ የፊቱ ጄልኮት ይረግፋል። ለላስታ የሚሆነው የማንክስ ዓይነት ነው፤ ከፍ ያለ፣ አጭር፣ ክፍት፣ ግን ለሐምሌ ዝናብ ጣሪያ የተሠራለት። ክብደቱ ከኋላ ጎማው ላይ ስለሚያርፍ ዳገት ይወጣል። እንግዳ በኮሮናና በጦርነቱ እንዴት እንደራቀን ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ እንግዳው ሲመጣ ዮርዳኖስ ዳር የቆመች ቀይ ክፍት መኪና ፎቶ ሳያነሣ አያልፍም። ሰው አሳፍሮ ገንዘብ መቀበል ግን ሌላ ፈቃድ ነው፤ እሱን ወደ ዛሬው ንግግር አታምጡብኝ።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን፣ ሌላ መኪና አይገዛም ወይ?» ትላላችሁ። በስንት? የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ ወዲህ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባት የሀብታም ነገር ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ከእንግዲህ እንደማይገባ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ተናገሩ። በሩ ሲጠብብ ሰው እጁን ያፍታታል። እንግሊዞቹም ይህን ያውቁታል። ሎተስ ሰቨን የምትባል ትንሽ መኪና እ.ኤ.አ. በ1957 ስትወጣ ተበትና ነበር የምትሸጠው፤ ያልተገጣጠመ ዕቃ የግዢ ግብር አይከፍልም ነበርና። የመገጣጠሚያ መመሪያ መስጠት አይፈቀድም ሲባሉ የመፍቻ መመሪያ ሰጡ፤ ገዢው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያነበው ነበር ይባላል። ብራዚልም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የውጭ መኪና ማስገባት ከባድ በነበረበት ጊዜ አንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ተነሥቶ በቮልስ ሻንሲ ላይ የእንግሊዝ መኪና አምሳያ ሠራ፤ ኤምፒ ላፈር ይባላል። ከፊቱ የሚያምር የራዲያተር ወንፊት አለው፤ ከወንፊቱ ጀርባ ግን ራዲያተር የለም፤ ሞተሩ ከኋላ ነው።

እኛም አገር ሆላንድ ካር የሚባል ድርጅት መኪና እየገጣጠመ የወንዞቻችንን ስም ያወጣላቸው ነበር፤ አባይ፣ አዋሽ፣ ከእነዚህ ከእናንተ ተራሮች የሚነሣው ተከዜም ሳይቀር። ድርጅቱ ዛሬ የለም። ያኔ ቦዲውም ሻንሲውም ከውጭ ነበር የሚመጣው፤ የኛ የነበረው ስሙና ብሎን ማሰሩ ነው። አምሳያ ሠሪው ከእሱ በአንድ ነገር ይሻላል፤ ሞልዱ የራሱ ነው። ሞልድ ያለው ሰው ዛሬ የመኪና ቦዲ፣ ነገ የውኃ ታንከር፣ ከነገ ወዲያ ለጣና ጀልባ ያወጣል።

ቤንዚኑስ? እንግዲህ የቮልስ ሻንሲ ሌላም ነገር ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ራሱ ቮልስዋገን የድሮ ቮልስ ላይ ከትንሿ የኤሌክትሪክ መኪናው ሞተርና ባትሪ ወስዶ አስገጥሞ አሳይቷል። ሞተሩን ፈትቶ የኤሌክትሪክ ሞተር በካምቢዮው ላይ ማሰር በዓለም ላይ የተለመደ ሥራ ሆኗል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል፤ ከተጋጩ የኤሌክትሪክ መኪኖች የሚወጣ ሞተርም ባትሪም አገራችን ውስጥ መገኘቱ አይቀርም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየሩ ቢሳሳ ኃይሉ አይቀንስበትም፤ ለ2,500 ሜትር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባትሪው ግን ይከብዳል፤ ክብደቱ የት እንደሚያርፍ፣ ፍሬኑ ይችለው እንደሆነ ሳይሰላ የሚገጠም ባትሪ ከቅጥቅጡ ጣሪያ አይሻልም።

የመጀመሪያ ሥራችሁ ግን ሙሉ መኪና አይሁን። የቮልስ የፊት ፓራፋንጎ ይሁን። ቮልስ ፓራፋንጎዎቹ በብሎን ነው የታሰሩት፤ ይፈታል፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። በስቱኮ ጉድለቱን ሙሉ፣ ሞርዱት፣ በሰም ወልውሉት፣ በላዩ ላይ ሞልድ አውጡ። ከሞልዱ አንድ ፓራፋንጎ አውጡና መኪናው ላይ እሰሩት። የብሎኖቹ ቀዳዳ ካልገጠመ፣ ከቦዲው ጋር ያለው ክፍተት ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ፣ ገና ናችሁ፤ ሁለተኛውን አውጡ። ሲገጥም ደግሞ በዚያው መንገድ ለባጃጅ በር፣ ለፒክአፕ ፓራፋንጎ ሞልድ ማውጣት ትችላላችሁ፤ ገዢው ከደጃችሁ ነው።

አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። ብየዳ የምትሠሩት ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆች ሻንሲ ስለማሳጠር ልትጠይቁኝ እየተጠቃቀሳችሁ ነው፤ ከእናንተ እንጀምር።